ስድስት ወር የሚጠብቀው ብልቃጥ፦ የዘር ለጋሾች ምርመራ ለኒካሕ ምን ያስተምረናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ርዕሱን ያየ ሰው «ሐራም ስለሆነ ነገር መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ከባዕድ ወንድ ዘር መቀበልም ሆነ መስጠት ለእኛ የተፈቀደ አይደለም። ነገር ግን የዘር ባንኮች ለጋሾቻቸውን ከአባላዘር በሽታ ለማጣራት የዘረጉት አሠራር፣ እኛ ከኒካሕ በፊት የምናደርገውን ምርመራ ቆም ብለን እንድናይ ያደርገናል። እነሱ አንድ «ኔጌቲቭ» ወረቀት ብቻውን አይበቃቸውም፤ ስድስት ወር ጠብቀው እንደገና ይመረምራሉ። ከእኛ ግን ሐሙስ ተመርምሮ እሑድ ኒካሕ የሚያስር ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ስድስት ወር ምክንያት ያስረዳል፤ ከዚያም ወደ ራሳችን ጉዳይ ይመለሳል።

ርዕሱ የሚያሳፍር መስሎ ቢታይም፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነችው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው እንደሆነ እናስታውስ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሑክሙ

ጉዳዩ በዑለማዎች ዘንድ በሰፊው ተጠንቷል። በወቅቱ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት፣ በኋላም የአል-አዝሀር ሸይኽ የሆኑት ጃድ አል-ሐቅ ዓሊ ጃድ አል-ሐቅ በ1980 ፈትዋ ሰጥተውበታል። በኦክቶበር 1986 ደግሞ ዮርዳኖስ፣ ዓማን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ሰባት የሰው ሠራሽ የማዳቀል መንገዶችን አንድ በአንድ መርምሮ አምስቱን ሐራም ብሏል። የተቀሩትን ሁለቱን በጥንቃቄ እንዲሠራባቸው ፈቅዷል። ሁለቱም ዘሩ የባል፣ እንቁላሉ የሚስት፣ ማሕፀኑም የራሷ የሚስት የሆነባቸው መንገዶች ናቸው። ሦስተኛ ሰው የገባበት ሁሉ ተከልክሏል፤ ዋናው ምክንያትም የነሰብ መደባለቅ ነው። ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የሚያዘው የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ የዚህ መሠረት ነው።

በሺዓ ዑለማዎች ዘንድ የተለየ አቋም አለ። ለምሳሌ የኢራኑ አያቶላህ ኻሜኒኢ በ1999 በለጋሽ መጠቀምን በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅድ ፈትዋ ሰጥተዋል። የሱንኒ የፊቅህ ጉባዔዎች ግን ክልከላው ላይ ጸንተዋል።

ሑክሙን ማወቅ ከመካከላችን ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄዱት በተለይ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የዘር ባንኮች ወጣትና ጤነኛ ለጋሽ ስለሚፈልጉ ማስታወቂያቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያነጣጥራሉ፤ ገንዘብም ይከፍላሉ። ከትልልቆቹ ባንኮች አንዱ የሆነው ክሪዮስ መነሻው የዴንማርኳ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ኦርሁስ ናት። በውጭ አገር ኪስ ሲሳሳ «ደም እንደ መስጠት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደ ደም አይደለም፤ የሚሰጠው ነሰብ ነው።

ሲድኒ ላይ የሆነው

የሰው ዘር በቅዝቃዜ ተጠብቆ መቆየት እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። በ1949 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግሊሰሪን የዘር ሕዋስን ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ አገኙ። በ1953 ደግሞ ከቀዘቀዘ ዘር የተገኙ የመጀመሪያዎቹ እርግዝናዎች አሜሪካ ውስጥ ተዘገቡ። ይህም ሆኖ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙት ትኩስ ዘር ነበር። ለጋሹ ጠዋት ይሰጣል፤ በዚያው ቀን ለተቀባይዋ ይደርሳል። ጤነኛ መስሎ የታየ ሰው እንደ ጤነኛ ይቆጠር ነበር።

በ1985 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከአውስትራሊያ፣ ሲድኒ የመጣ ዘገባ አተመ። አንድ ለጋሽ ምንም የሕመም ምልክት አልነበረውም። የእሱን ዘር ከተቀበሉት ስምንት ሴቶች ውስጥ ግን አራቱ በኤችአይቪ ተይዘው ተገኙ። እነዚህ ሴቶች ልጅ ፍለጋ ወደ ሐኪም ቤት የሄዱ ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር ግልጽ ሆነ። አንደኛ፣ መልክ ምስክር አይሆንም። ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዝ መድኃኒት አይደለም፤ የዘር ሕዋስን አቆይቶ የሚጠብቀው ቅዝቃዜ ቫይረሱንም ይጠብቀዋል።

በዚያው ዓመት በማርች ወር የመጀመሪያው የኤችአይቪ የደም ምርመራ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ታዲያ ለጋሹን መርምሮ መቀበል አይበቃም ነበር? አይበቃም።

ምርመራው የማያየው ጊዜ

ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ሴንሰር ስንመርጥ ትክክለኛነቱን ብቻ አንጠይቅም፤ ምን ያህል እንደሚዘገይም እንጠይቃለን። ምድጃው ሲግል ሴንሰሩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚያሳይ ከሆነ፣ አሁን የምናነበው ቁጥር የዛሬ አምስት ደቂቃውን ነው። ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ግን ስለ አሁኑ ሰዓት አይናገርም።

የደም ምርመራም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነት ይህን ሠርቶ በምርመራ እስኪታይ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በሽታው ከገባበት ቀን አንስቶ ምርመራው እስኪያየው ድረስ ያለው ጊዜ «ዊንዶው ፔሬድ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተመረመረ ሰው ወረቀቱ «ኔጌቲቭ» ይላል፤ ሰውየው ግን ሊያስተላልፍ ይችላል። እንዲያውም ኤችአይቪ በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጣም ከፍተኛ ነው።

ለኤችአይቪ የሚሰጠው ግምት እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል፦

• የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፦ ከ10 እስከ 33 ቀን

• ከክንድ ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚሠራው፣ የቫይረሱን ክፍልና ፀረ እንግዳ አካልን አብሮ የሚፈልገው፦ ከ18 እስከ 45 ቀን

• ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ የሚፈልገው፦ ከ23 እስከ 90 ቀን

ሄፓታይተስ ቢ በተለመደው ምርመራ ለመታየት በአማካይ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሳምንትም ሊዘገይ ይችላል። የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል።

የ180 ቀን መፍትሔ

በ1988 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልና የዘርፉ ባለሙያዎች ማኅበር የትኩስ ዘር አጠቃቀም እንዲቆም መከሩ። ዘሩ ይቀዘቅዛል፤ ለስድስት ወር ኳራንቲን ይገባል፤ ለጋሹ ተመልሶ እንደገና ይመረመራል። ሁለተኛው ውጤት ኔጌቲቭ ከሆነ ብቻ ብልቃጡ ይወጣል። ይህ ከሜይ 2005 ጀምሮ ማንነታቸው ለተቀባይዋ ለማይታወቅ ለጋሾች በአሜሪካ አስገዳጅ ደንብ ሆኗል።

በእኛ ወራት እናስላው። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ ስድስቱ ወር ልክ 180 ቀን ይሞላል። ለጋሹ መስከረም 1 ዘር ሰጠ፤ በዚያው ቀን ተመረመረ፤ ኔጌቲቭ ሆነ። ነሐሴ 20 ላይ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ምርመራ ላያየው ይችላል። መጋቢት 1 ላይ ተመልሶ ሲመረመርና ኔጌቲቭ ሲሆን ግን፣ ነሐሴ ላይ የገባ በሽታ እስካሁን ሳይታይ ሊቆይ ስለማይችል መስከረም 1 ላይ ንጹሕ እንደነበር ይረጋገጣል።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የመጋቢቱ ወረቀት የሚመሰክረው ስለ መጋቢት ሳይሆን ስለ መስከረም ነው። ለጋሹ የካቲት መጨረሻ ላይ አዲስ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን የመስከረሙ ስለሆነ አይነካውም። ብልቃጡን ቀን ላይ ማስቆም ይቻላል፤ ሰውን ግን ማስቆም አይቻልም።

መድረሳ ላይ ኪታብ የቀራን ሰዎች ጊዜ ራሱ ማረጋገጫ የሚሆንበትን ሌላ ቦታ እናውቃለን። ከዒዳ ሒክማዎች አንዱ የማሕፀንን ባዶነት ማረጋገጥ እንደሆነ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ይህን ስንል ዒዳ የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው ማለታችን አይደለም። ዒዳ የአላህ ትእዛዝ ነው፤ ምርመራ ኖረም አልኖረም ይጠበቃል። ነገር ግን «እርግጠኛ ለመሆን መጠበቅ ያስፈልጋል» የሚለው አስተሳሰብ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም።

ለጋሹ የሚያልፍባቸው በሮች

ኳራንቲኑ ብቻውን አይሠራም። ከእሱ በፊት ሌሎች በሮች አሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በቅርቡ ያደረገው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በመርፌ የተወሰደ ዕፅ፣ ንቅሳት፣ የሄደበት አገር፣ ያለፈ ሕመም ሁሉ ይጠየቃል። ባለፉት 12 ወራት ቂጥኝ፣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የያዘው ወይም ለዚያ የታከመ ሰው አይቀበሉትም። በ2016 የዚካ ቫይረስ ሲስፋፋ፣ በሽታው ወዳለበት አገር የሄደ ለጋሽ ለስድስት ወር እንዲቆይ ተደረገ።

ሁለተኛው የአካል ምርመራ ነው፤ ሐኪም ቁስል፣ እብጠትና የመርፌ ምልክት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ላቦራቶሪ ነው። በአሜሪካ ደንብ ለጋሹ ኤችአይቪ 1 እና 2፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ኤችቲኤልቪ የተባለው ቫይረስና ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይመረመራል። ናሙናው ዘሩ ከተሰጠበት ቀን በሰባት ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሰው ላይ ምልክት ሳያሳዩ ስለሚቆዩ «ምንም አያመኝም» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም።

አራተኛው ኳራንቲን፣ አምስተኛው ድጋሚ ምርመራ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2006 መመሪያም የ180 ቀኑ ሕግ አለ። ሆኖም ለኤችአይቪና ለሁለቱ ሄፓታይተሶች የዘረመል ምርመራ ከተጨመረ ድጋሚ ምርመራው ሊቀር እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ይህ ምርመራ ዊንዶው ፔሬዱን ስለሚያሳጥር ነው።

ከአምስቱ በሮች ማሽን የማያስፈልገው የመጀመሪያው ነው፤ የሚቆመውም በሰውየው እውነተኝነት ላይ ነው። ትናንት ስለተፈጸመ ነገር ማሽኑ አያውቅም፤ የሚያውቁት አላህና ሰውየው ብቻ ናቸው።

ታንኩም ይፈተሻል

ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃም ያስተላልፋል። ብልቃጦቹ የሚቀመጡት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። በ1995 ላንሴት ላይ የወጣ ሌላ ዘገባ፣ ለንደን ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ወደ ሕሙማን የተላለፈው የአጥንት መቅኔ ከሚቀመጥበት የናይትሮጅን ታንክ እንደሆነ አሳየ። ከአንድ ከረጢት የፈሰሰ ነገር ወደ ሌላው ተሸጋግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውጤታቸው ያልታወቀ ወይም ፖዘቲቭ የሆነ ናሙናዎች ከሌላው ተለይተው እንዲቀመጡና ማሸጊያው አጥብቆ እንዲዘጋ ከፍተኛ ትኩረት ይሰጣል።

ይህ ባልና ሚስትንም ይመለከታል። የራሱን ሚስት ለማስረገዝ ዘሩን የሚያስቀምጥ ባል እንደ ባዕድ ለጋሽ ኳራንቲን አይጠየቅም፤ ሚስቱ ቀድሞውኑ ከእሱ ጋር ትኖራለችና። ነገር ግን በአውሮፓ ባልና ሚስቱም ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ ይመረመራሉ፤ አንዱ ምክንያት ታንኩን ከሌሎች ጋር ስለሚጋሩ ነው። መካንነት አጋጥሟቸው በተፈቀደው መንገድ የሚታከሙ ሙስሊም ጥንዶች ሐኪሙን ሁለት ነገር የመጠየቅ መብት አላቸው፦ ናሙናችን ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀያየር እንዴት ትቆጣጠራላችሁ? ለብቻውስ የሚቀመጠው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ነሰብን፣ ሁለተኛው ጤናን ይጠብቃል።

ወደ እኛ ስንመጣ

አሁን ወደ ሐሙስና እሑድ እንመለስ። ብዙ ቤተሰቦችና ኒካሕ አሳሪዎች የኤችአይቪ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ መልካም ልማድ ነው፣ ሊቀር አይገባም። ግን ከላይ ባየነው መሠረት አራት ነገር ማስተካከል እንችላለን።

አንደኛ፣ ምርመራውን ወደ ሠርጉ ሳምንት አናስጠጋው። ሽምግልና ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከኒካሑ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ብንመረመር የመጀመሪያው ወረቀት የሸፈነውን ጊዜ ሁለተኛው ይገልጠዋል። ባለፉት ሦስት ወራት ምንም አጋላጭ ነገር ያልገጠመው ሰው በአንዱ ሊተማመን ይችላል። የገጠመው ግን፣ በኃጢአትም ይሁን በሕክምና ሥራ ላይ በመርፌ በመወጋት ወይም ተገዶ፣ መጠበቅና መደገም አለበት። ለኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ኤችአይቪ ብቻ አይመርመር። የዘር ባንኮቹ ዝርዝር ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አይተናል። ቢያንስ ሄፓታይተስ ቢና ቂጥኝ ሊጨመሩ ይገባል። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን አልተከተብንም። ተመርምሮ ነጻ የሆነ ሰው ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት መውሰድ ይችላል፤ በተለመደው አሰጣጥ ሦስቱ በስድስት ወር ውስጥ ያልቃሉ።

ሦስተኛ፣ ደም ልገሳን ምርመራ አናድርገው። ጀመዓችን ደም ሲለግስ ደስ ይላል፤ አንድ ሰው የሚሰጠው ደም የሰው ነፍስ ያተርፋል። የደም ባንክም እያንዳንዱን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረምራል። ነገር ግን «ውጤቴን በዚያው አውቃለሁ» ብሎ የሚለግስ ሰው በዊንዶው ፔሬድ ውስጥ ከሆነ ምርመራው ላያየው ይችላል። ደም እንደ ዘር ስድስት ወር ተቀምጦ አይጠበቅም፤ ቀይ የደም ሴል ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይም። ስለዚህ እዚያ ያለው ትልቁ በር የመጠይቁ ቅጽ ነው። እውነቱን መሙላት አማና ነው። የተጠራጠረ ሰው «ዛሬ አልችልም» ብሎ ቢመለስ፣ ከሰጠው ሰው ያላነሰ መልካም ሠርቷል ኢንሻአላህ።

አራተኛ፣ ፖዘቲቭ የሆነን ሰው አንጠርጥር። ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በጋራ ምላጭም ይተላለፋል። ኤችአይቪም ከእናት ሊወረስ ይችላል። ወረቀቱ በሽታውን እንጂ መንገዱን አይናገርም። ያለ አራት ምስክር ሰውን በዝሙት መወንጀል በሸሪዓችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ከአራቱ አንዱ እንኳ አይደለም።

ፖዘቲቭ መሆን የትዳር በር ዘጋ ማለትም አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የትዳር ጓደኛው ቀድሞ ቢከተብ፣ ልጃቸውም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ቢጀምር ጥበቃው ትልቅ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ በማይታይበት ደረጃ ላይ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህ በትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል። የሚያስፈልገው ከኒካሕ በፊት ለወደፊት የትዳር ጓደኛ እውነቱን መናገር ነው። ደብቆ ማግባት ማታለል ነው፤ ተነግሮት የሰማ ሰውም ምስጢሩን በየዶርሙ ማውራት አማናን መብላት ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዘር ባንኮቹ ሥራ ለእኛ አይፈቀድም፤ ለማያውቁት ሰው ጤና ብለው ስድስት ወር መጠበቃቸው ግን ሊያስቀናን ይገባል። እኛ ለምናውቃት፣ ዕድሜ ልክ አብረናት ልንኖር ለምንፈልጋት እህት፣ ወይም ለምናውቀው ወንድም፣ ሦስት ወር መጠበቅ ሊከብደን አይገባም። በቅርብ ኒካሕ ያሰባችሁ ካላችሁ ከካምፓሱ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዙ፤ «መቼ ተጋልጬ ሊሆን ይችላል? ይህ ምርመራ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ይፈልጋል?» ብላችሁም ባለሙያውን ጠይቁ።

አላህ ትዳራችንን በእውነት ላይ የቆመ፣ ዘራችንንም ሷሊሕ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።